ደራሲ ሲሞት ለምን ነቢይ ይሆናል? የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች ሐዘን ከወሎ ሲታይ

አንድ ታዋቂ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ አረፈ ሲባል ወሬው ደሴም ኮምቦልቻም ቶሎ ይደርሳል። መጽሐፎቹን ያነበቡ ወጣቶች ፎቶውን ይለጥፋሉ። የወደዱትን አንቀጽ ይቀባበላሉ። አንዱ "ሰውዬው እኮ ይሄን ሁሉ ድሮ ተናግሮታል" ይላል። ሌላው መቼና የት እንደተነገረ የማይታወቅ አባባል ከስሙ ጋር አያይዞ ያሰራጫል። ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቆች ግን ግራ ይገባቸዋል። "ምንህ ነው? አይተኸው ታውቃለህ?" ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። "ወጣቱ የፈረንጅ ነገር በለጠበት" በሚል ወቀሳ ብቻ ግን አይመለስም። ሰዎች ላላዩት ደራሲ ለምን ያዝናሉ? ሐዘኑስ ለምን ደራሲውን ነቢይ ወደማድረግ ያመራል? ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል፤ ደራሲው ነቢይ ሲሆን መጽሐፉ ይረሳልና።

ነገሩ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ጠንክሯል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተማሪው በስልኩ የቤት ሥራ የሚጠይቀው ነገር ሆኗል። ስለዚህ ስለ አሳቢ ማሽኖች የጻፈ ሰው ሲሞት ዜናው የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይሆንም፤ ስለ መጪው ዘመን የሚደረገው ክርክር አካል ይሆናል። አሜሪካዊው ቨርነር ቪንጅ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ሲያርፍ የታየው ይኸው ነው። በስንብቱ ወቅት ከልብ ወለዶቹ እኩል፣ እንዲያውም ከእነሱ በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረበው አንድ አጭር ጽሑፍ ተነሳ። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ቀመር፣ ትንቢትና ምናብ

ውዥንብሩ የሚጀምረው ስለ ነገ የሚናገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር የሚናገር ስለሚመስለን ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላ ሰማይ ላይ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፈነች፤ ዙሪያውን የብርሃን ቀለበት ብቻ ቀረ። ያ ግርዶሽ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታይ ሳይንቲስቶች ከብዙ ዓመት በፊት አስልተው ጨርሰዋል። ይህ ቀመር ነው። የምድርና የጨረቃ ጉዞ ይታወቃል፤ የቀረው ሒሳብ ነው። ሳይሆን ቢቀር ሒሳቡ ተሳስቷል ይባላል እንጂ ሌላ ትርጉም አይፈለግለትም።

ትንቢት ሌላ ነው። ከስሌት አይመነጭም። ተናጋሪውም ሰሚውም የሚይዙት በእምነት ነው።

የሳይንስ ልብ ወለድ ከሁለቱም ይለያል። በሳይንስ ወይም በቴክኖሎጂ ላይ ቆሞ "እንዲህ ቢሆንስ?" ብሎ ይነሳል። ከዚያ በዚያ ዓለም ውስጥ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ እንደሚጣሉና እንደሚዋደዱ ይተርካል። ደራሲው "ይሆናል" አላለም። "ቢሆንስ" ነው ያለው። ብዙ ደራሲዎች እንዲያውም የሚጽፉት የፈሩት ነገር እንዳይደርስ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ እውን ሲሆን "ደራሲው ተሳካለት" ማለት ያስቸግራል። የፈለገው ተቃራኒውን ነበርና።

ለማያውቁት ሰው ለምን ይታዘናል?

ወሎ ውስጥ ለቅሶ መድረስ የሥጋ ዝምድናን ብቻ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ይቀብራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ቤት ሄዶ ያስተዛዝናል። አብሮ መኖር ይበቃል። ስለዚህ ትልልቆቹ "ምንህ ነው?" ሲሉ በልባቸው ያለው "በምን ተገናኛችሁ?" የሚለው ነው።

የተገናኙት በጊዜ ነው። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ለማንበብ ብዙ ምሽት ይፈጃል። በእነዚያ ምሽቶች አንባቢው ከአንድ ሰው አስተሳሰብ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ደራሲው የሚፈራውን፣ የሚያስቀውን፣ ደጋግሞ የሚያነሳውን ያውቃል። ደራሲው ግን አንባቢው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጽፉ ይህን የመሰለውን ግንኙነት "ፓራሶሻል" አሉት። አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ትውውቅ ማለት ነው። ትውውቁ የአንድ ወገን ነው ማለት ግን ስሜቱ የውሸት ነው ማለት አይደለም።

በሳይንስ ልብ ወለድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙው አንባቢ ይህን ዘርፍ የሚይዘው በጉርምስናው ነው። ስለ ጥቁር ጉድጓድ ወይም ስለ ሩቅ ፕላኔት ማውራት የሚወድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በሰፈሩ ብዙ የሚያዋራው ሰው አያገኝም። መጽሐፉን ሲያገኝ ሐሳቡን የሚጋራ ሰው ያገኘ ይመስለዋል። ያ ሰው ሲሞት የሚሰማውን ሐዘን ከዝና ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም።

የዘርፉ ታሪክም የራሱ ድርሻ አለው። ሁጎ ገርንስባክ እ.ኤ.አ. በ1926 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የሚታተም መጽሔት ጀመረ። መጽሔቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። በዚያ አድራሻ አንባቢዎች እርስ በርስ ተገናኙ፤ ተጻጻፉ፤ ማኅበር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1939 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን ኒው ዮርክ ላይ አደረጉ። በዚያ ጉባኤ ከተገኙት ወጣት አንባቢዎች አንዱ ሬይ ብራድበሪ ነበር። ኋላ ራሱ ከዘርፉ ስመ ጥር ደራሲዎች አንዱ ሆነ። ደራሲው ከአንባቢው መሐል እየወጣ፣ አንባቢውም ደራሲውን በስሙ እየጠራ የኖሩበት ዓለም ነው። እንደ እድር ነው ማለት ይቻላል። አባል ሲሞት ሌላው አባል ዝም ብሎ አይቀመጥም።

ስለዚህ መታሰቢያዎቹም ለየት ይላሉ። እንግሊዛዊው ዳግላስ አዳምስ ግንቦት 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ድንገት ሲሞት አንባቢዎቹ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ግንቦት 17 ላይ ፎጣ ይዘው ወጡ። በድርሰቱ ውስጥ ፎጣ ለሕዋ ተጓዥ ከምንም በላይ የሚጠቅም ዕቃ ነው። ዕለቱ እስካሁን በየዓመቱ ይታሰባል። ብራድበሪ በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሞተ። በዚያው ክረምት ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ስታርፍ ናሳ ያረፈችበትን ቦታ በስሙ ጠራው። ስያሜው ይፋ የሆነው በሕይወት ቢኖር 92 ዓመት በሚሞላበት ቀን ነበር።

ለወሎ ሰው በዓመት አንድ ቀን ተሰብስቦ ያለፈን ሰው ማውሳት እንግዳ ነገር አይደለም። ጀማ ንጉሥ ላይ መውሊድ ሲከበር መንዙማው ይወርዳል፤ የቦታው መሥራች ሼህ ሙሐመድ ሻፊም ይወሳሉ። ካረፉ ከ200 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በክርስቲያኑም በኩል ተዝካርና ሙት ዓመት አለ። ሁለቱን ከፎጣው ቀን ጋር አንድ ናቸው ማለት ስህተት ነው። አንዱ ሃይማኖት ነው፤ ሌላው የሥነ ጽሑፍ ፍቅር። የሚመሳሰሉት በአሠራራቸው ነው። ቀን ይቆረጣል። ሰው ይሰበሰባል። የሟቹ ቃል በድምፅ ይነበባል ወይም ይዜማል። ትውልድ የሚሻገረውም በዚህ ነው።

የደሴ ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ

"ተናግሮት ነበር" የሚለው ወሬ ከየት እንደሚነሳ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጦሳ ተራራ ወደ ከተማው ለሚያይ ሰው የደሴ ቆርቆሮ ጣሪያዎች በዲሽ ተሞልተው ይታዩታል። ኢትዮሳትን የሚይዙት አንገታቸውን ከፍ አድርገው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያሉ። ናይልሳት ላይ የቀሩት ዝቅ ብለው ወደ ምዕራብ ዞረዋል። ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ ጣሪያ ላይ ሆኖ "መጣ?" ብሎ ይጮሃል። ከታች ቴሌቪዥኑን የሚያየው "አለፈህ፣ ትንሽ መልሰው!" ይላል። ሲግናሉ ከተያዘ ብሎኑ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ዲሹን ለዓመታት የሚነካው የለም።

የማይነካውም ሳተላይቱ ከእኛ አንጻር ስለማይንቀሳቀስ ነው። ሳተላይት ወደ ምድር በቀረበ ቁጥር ቶሎ ይዞራል። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ምድርን ለመዞር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ጨረቃ ሩቅ ስለሆነች 27 ቀን ይፈጅባታል። በመካከል፣ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዙሩ ምድር በራሷ ዛቢያ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ይሆናል። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ሰማይ ላይ የተሰካ ይመስላል።

እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1945 ይህን ምሕዋር ለዓለም አቀፍ ግንኙነት መጠቀም እንደሚቻል ጻፈ። ሦስት ጣቢያ ቢቀመጥ መላውን ዓለም ለማዳረስ ይበቃል አለ። በዚያን ጊዜ አንድም ሳተላይት አልነበረም። ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሲንኮም 3 የተባለች ሳተላይት የቶኪዮ ኦሊምፒክን ሥርጭት ወደ አሜሪካ አሻገረች። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። ክላርክ መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ፣ ለረዥም ዘመን በኖረባት በስሪላንካ ሲሞት ብዙ ዜናዎች "ሳተላይትን የተነበየው ሰው" ብለው ጠሩት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። በመጀመሪያ፣ ያ ጽሑፍ ልብ ወለድ አልነበረም። በሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ስሌት ያለበት ሐሳብ ነው። ወደ ቀመሩ ይጠጋል። ምሕዋሩንም ቢሆን ሄርማን ፖቶችኒክ የተባለ መሐንዲስ ከእሱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ገልጾት ነበር። የክላርክ ድርሻ ለመገናኛ ማዋሉ ነው። ሌላው ደግሞ ክላርክ ያሰበው ሰዎች የሚሠሩባቸውን ትልልቅ የሕዋ ጣቢያዎች ነው። ዛሬ ዲሻችን የሚያየው ሳተላይት ውስጥ ማንም የለም። ትራንዚስተርና የፀሐይ ኃይል ነገሩን ቀየሩት።

ይህ የክላርክን ሥራ አያሳንስም። እንዲያውም እንዴት እንዳሰበ ያሳየናል። በእጁ ያለውን እውቀት ይዞ እስከ ዳር ሄደ፤ ከዳር በኋላ ያለውን አላየም። "ተነበየ" የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይውጠዋል።

ሼህ ሁሴን ጅብሪልና የቃል ግጥም ዕጣ

ስለ ነገ የተናገረ ሰው ከሞተ በኋላ ንግግሩ ምን እንደሚሆን ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። ሼህ ሁሴን ጅብሪል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ ውስጥ የኖሩ ናቸው። ቤት የሚመቱ የአማርኛ ግጥሞቻቸው በቃል ወርደው ኋላ በመጽሐፍም ታትመዋል። ስለ ነገሥታት መነሳትና መውደቅ፣ ስለሚመጡ እንግዳ ዕቃዎች፣ ስለ ዘመን መለወጥ የተናገሩት ዛሬም በቡና ላይ ይነሳል። መንግሥት ሲለወጥ "ሼህ ሁሴን ብለውት ነበር" የማይል ሽማግሌ ማግኘት ከባድ ነው።

የቃል ግጥም አጽናኝም ፈታኝም ጠባይ አለው። በሰው አፍ ስለሚኖር እሳት አያቃጥለውም። ግን ቋሚ ቅጂ የለውም። የሚያዜመው ሰው ስንኝ ሊጨምር፣ ሊያስተካክል፣ የሌላውን ሰው ግጥም ሊቀላቅል ይችላል። ሆን ብሎ ለማታለልም ላይሆን ይችላል። ትዝ ያለው እንዲያ ነው። ከአንድ ትልቅ ክስተት በኋላ ክስተቱን የሚመስለው ስንኝ ደጋግሞ ይነገራል፤ የማይመስለው ይረሳል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚቀረው ልክ የወጣው ብቻ ይሆናል።

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። ግጥሞቹን በአክብሮት የያዙ ሰዎች ስንኞቹ በአዋቂዎች ዘንድ ነበሩ፣ ጊዜያቸው ሲደርስ ነው የተገለጡት ይላሉ። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ደግሞ ከክስተቱ በፊት የተቀዳ ወይም የተጻፈ ቅጂ አሳዩኝ ይላል። የመጀመሪያው የእምነት ጥያቄ ስለሆነ በማስረጃ አይፈታም። ሁለተኛው ግን ለሼሁ ክብር ሲባልም መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። በስማቸው የሚጨመር እያንዳንዱ ስንኝ የራሳቸውን ስንኝ ይሸፍናል። በአጀም፣ ማለትም አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ መንዙማ ሲያቆዩ የኖሩት ደረሶችም ይህን አደጋ ያውቁ ነበር ለማለት ያስደፍራል። ቃሉ እንዳይዛባ ነው የጻፉት።

በውጭ ደራሲዎች ላይ የሚደርሰው ከዚህ አይለይም። ልክ የወጣው ይመረጣል፤ ያልወጣው ይተዋል፤ ያላለው ይጨመርለታል። ልዩነቱ ፍጥነት ነው። በቃል ሲወርድ ሦስት ትውልድ የሚፈጀው ለውጥ ዛሬ በስልክ ከሞቱ ዜና እስከ ቀብሩ ባለው ጊዜ ያልቃል።

ቪንጅ በእርግጥ ምን አለ?

ቨርነር ቪንጅ ሳን ዲዬጎ ውስጥ የሒሳብና የኮምፒውተር መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ናሳ በደገፈው አንድ ጉባኤ ላይ ስለ "ሲንጉላሪቲ" ጽሑፍ አቀረበ። ሲንጉላሪቲ ከሒሳብና ከፊዚክስ የመጣ ቃል ነው፤ የታወቁት ሕጎች የማይሠሩበትን ነጥብ ያመለክታል። ቪንጅ የተጠቀመበት ለዚህ ነው፦ ከሰው የሚበልጥ አስተውሎት ከተፈጠረ ያ አስተውሎት ከራሱ የሚበልጥ ሌላ ይፈጥራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የዛሬ ሰው መገመት አይችልም። በ30 ዓመት ውስጥ ይህን አስተውሎት የምንፈጥርበት መሣሪያ ይኖረናል አለ። ነገሩ እ.ኤ.አ. ከ2005 በፊት ወይም ከ2030 በኋላ ቢሆን እንደሚገረምም ጨመረ።

በስንብቱ ወቅት ተነቅሎ የተዞረው ይህ ነው። የሚደግፉት "ይኸው እየደረሰ ነው" አሉ። የሚጠራጠሩት ደግሞ ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ጽሑፍ ይደረድራሉ እንጂ ከሰው የሚበልጥ አስተውሎት የላቸውም አሉ። ሁለቱም ወገን ቪንጅን እንደ ነቢይ ነው የያዘው፤ አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው ሐሰተኛ ብሎ።

ሙሉውን ያነበበ ግን ሌላ ሰው ያገኛል። ቪንጅ ሐሳቡ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚሁ የጻፈውን የሒሳብ ሰው አይ. ጄ. ጉድን ይጠቅሳል። ነገሩ ላይሆን የሚችልበትን መንገድም አንስቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሲንጉላሪቲ ባይመጣስ ብሎ ሙሉ ንግግር አድርጓል። ይህ የነቢይ ጠባይ አይደለም። በአንድ "ቢሆንስ" ላይ ቆሞ ተቃራኒውንም "ቢሆንስ" የሚል የደራሲ ጠባይ ነው። በልብ ወለዶቹ ውስጥም የሚያስጨንቀው ጥያቄ ማሽኑ መቼ ይመጣል የሚለው ብቻ አልነበረም። ከራሱ የሚበልጥ አእምሮ አጠገቡ ሲቆም ሰው ምን ክብር ይቀረዋል የሚለውም ነበር። ይህን የሚያነሳ የስንብት ጽሑፍ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

የራሳችን ሙታንስ?

ሌላው የሚሰማ ቅሬታ ይህ ነው፦ ለውጭ ደራሲ ሻማ የሚያበራ ወጣት የራሱ ሀገር ደራሲ ሲሞት ስሙን አያውቅም። ቅሬታው እውነትነት አለው። ብዙ የአማርኛ ደራሲዎች ከሞቱ በኋላ መጽሐፎቻቸው ዳግም ሳይታተሙ ይቀራሉ። አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ጋ ከተገኙ ዋጋቸው የማይቀመስ ነው።

ግን ምክንያቱ የወጣቱ ልብ ብቻ አይመስለኝም። ሰው የሚያዝነው ላነበበው ነው። የክላርክን መጽሐፍ በስልኩ የሚያገኝ የኮምቦልቻ ተማሪ የአማርኛውን የት ያገኛል? በአማርኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ሲጀመርም ጥቂት ነው። አጫጭር ታሪኮቹ በጋዜጣና በመጽሔት ወጥተው እዚያው ቀርተዋል። የአንድን ሟች ደራሲ ሥራ ዘርዝሮ የሚያሳይ ወረቀት እንኳ በቀላሉ አይገኝም።

ዝርዝር ተራ ነገር ይመስላል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ግን ዋጋውን ያስረዳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ። በውስጡ አቡኑ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ ከ700 ዓመት በኋላ ባይገኙም መኖራቸውን እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሙዚየም ተዘርፈዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ዝርዝር ያለው የጠፋበትን ያውቃል። ዝርዝር የሌለው የጠፋውን እንኳ መጥራት አይችልም።

ከሐዘን በኋላ ያለው የመብት ጉዳይ

ሟቹን ለማክበር ብለው ሥራውን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ወጣቶች አሉ። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መተርጎም በራሱ መብት ነው። በእኛ ሀገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ ለ50 ዓመት እንደሚቆይ ይደነግጋል። ማባዛት፣ መተርጎምና ማሠራጨት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ጊዜው በአብዛኛው 70 ዓመት ነው። ስለዚህ "ሞቷል፣ ማን ይከሰኛል" የሚለው አስተሳሰብ በሕግም በጨዋነትም አያስኬድም።

ወራሾች የሚያደርጉትም አንድ ዓይነት አይደለም። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1986 ከሞተ በኋላ ልጁ ከሌላ ደራሲ ጋር ሆኖ አባቱ በልብ ወለዱ የፈጠረውን ዓለም ቀጠለበት። አንባቢው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ "ባይጨመር ይሻል ነበር" አለ፣ ሌላው አዲሱን መጽሐፍ በጉጉት ጠበቀ። የፋንታሲ ደራሲው ቴሪ ፕራቼት ግን ያላለቁ ሥራዎቹ እንዲጠፉ ተናዞ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጽሑፎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ በእንፋሎት በሚሠራ መንገድ ዳማጭ ማሽን ተደፈጠጠ። ለአንባቢ ልብ የሚሰብር ነው። የሟች ቃል ግን ተከበረ።

መጽሐፍን ያለፈቃድ በፒዲኤፍ በመቀባበል ላይ ያለው ክርክርም እዚህ ይገባል። ወሎ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚሸጥ መደብር ማግኘት ከባድ ነው። አንባቢው "ሌላ መንገድ የለኝም" ቢል አይፈረድበትም። የአገር ውስጥ ደራሲ ቤተሰብ ደግሞ ከዳግም ኅትመት ሊያገኝ የሚችለውን ያጣል። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛው ጉዳት ግን ሳይነሳ ያልፋል። ብዙው ስካን የመጀመሪያ ገጾቹ የሉትም። መቼ ታተመ፣ ማን ተረጎመው፣ ስንተኛ እትም ነው የሚለው ተቆርጧል። ያ ገጽ ከሌለ የቱ የደራሲው፣ የቱ የተርጓሚው፣ የቱ የሌላ ሰው ጭማሪ እንደሆነ መለየት አይቻልም። በቃል ግጥሙ ላይ ያየነው ችግር በወረቀት ላይ ይደገማል።

ወደፊት የሚመጣው

ይህ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይበልጥ ይከብዳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሟችን ደራሲ አጻጻፍ አስመስሎ አዲስ ታሪክ መጻፍ ይችላል። ደራሲው ያላለውን አባባልም በልበ ሙሉነት ይሰጣል። የእንግሊዝኛ አንባቢ የተጠራጠረውን አባባል መጽሐፉን ከፍቶ ያመሳክራል። የአማርኛው አንባቢ የተተረጎመ መጽሐፍ ከሌለው በምን ያመሳክራል? የሐሰት ጥቅስ በአማርኛ ሲቀርብ ቋንቋው ራሱ መሸሸጊያ ይሆነዋል። ለዚህ በየትምህርት ቤቱ የንባብ ክበብ ሊለመድ የሚችል ቀላል ነገር አለ። ጥቅስ ሲመጣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ዓመቱንና ምዕራፉን መጠየቅ። መልስ ከሌለ አለማሳለፍ።

ቪንጅ የጠቀሰው እ.ኤ.አ. 2030 ደግሞ ሩቅ አይደለም። "ደረሰ"፣ "አልደረሰም" የሚለው ክርክር እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔም እየተነቀለ የሚዞረው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጽሑፉ ግን አጭር ነው፤ በአንድ ምሽት ይነበባል። ቪንጅም በሕይወት ሳለ፣ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ፣ ሳይቆረጥና የመብት ማስታወሻው ሳይነሳ ሙሉው እንዲባዛ ፈቅዶ ነበር።